የተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊት

ባለቤቴ ሐይቅ ከተማ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖረ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ቤቱ ውስጥ አንዲት አስቸጋሪ ተማሪ ትጠብቀው ነበር፤ እኔ። የሚነግረኝን ከመስማቴ በፊት ፊቱን አያለሁ። እኛ ቤት "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እየተባለ ነው ያደግነው። ማመን እንጂ መጠርጠር ከብዶኝ አያውቅም። አሁንም ይህን ስጽፍ እጄ ያዘግማል፤ የጻፍኩትን መስመር ተመልሼ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል፣ በጥርጣሬ አነበዋለሁ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአፉ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበረው፤ ካታሊስት። ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ "ሁለት ነገሮች አንዋሃድም ሲሉ በመሃላቸው ይገባል። ያለ እሱ ትልቅ እሳትና ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ሥራ በትንሽ እሳት ቶሎ ይሆናል። ሥራው ሲያበቃ እሱ እንደነበረ ይገኛል። አይበላም፣ አያልቅም። እንደ አስታራቂ ሽማግሌ አድርገሽ አስቢው።"

"ሽማግሌ መቼ ነው እንደመጣ የሚመለሰው?" አልኩት። "በግ ታርዶለት፣ በልቶ ጠጥቶ ነው የሚመለሰው። ጉልበቱንም እዚያው ጨርሶ።"

ሳቀ። "አንቺ ክፍሌ ውስጥ ብትሆኚ ኖሮ ከምዕራፍ አንድ አንወጣም ነበር።"

እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። እየሠራ የማያልቅ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ማረሻው ያልቃል፣ በሬው ያልቃል፣ አራሹም ያልቃል።

ነገሩን የጀመረው በናፍጣ ምክንያት ነው። ከሐይቁ ዳር፣ ከአባቱ የደረሰችን ቁራሽ መሬት አለችን። ቀይ ሽንኩርት ይሆንባታል፤ ግን በበጋ ውሃው ከሐይቁ በሞተር ካልተሳበ ምንም የለም። ከጦርነቱ ወዲህ ናፍጣ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ ሌላ ሰሞን ይጠፋል። ማደያው ሲያገኝ ወረፋው መንገድ ይዘጋል፤ በጓዳ በጄሪካን የሚሸጠው ደግሞ ከምን ጋር እንደተደባለቀ አይታወቅም። በሌላ በኩል ከተማችን አንድ ነገር ሞልቶ ይተርፋታል፤ የዓሣ መጥበሻ ዘይት። ዓሣ ቤቶቹ ቀኑን ሙሉ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲጠብሱ ይውላሉ። በጾም ወራት ይብስባቸዋል፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ። ዘይቱ ደጋግሞ ተጠብሶበት እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ቱቦ ውስጥ ይደፋል። የቱቦው መጨረሻ ሐይቁ ነው። እሱን ያበሳጨው ይህ ነበር፤ ሐይቁን የሚያቆሽሸው ነገር ከሐይቁ ውሃ ሊስብበት የሚችል ነዳጅ መሆኑ።

መጀመሪያ በኮስቲክ ሶዳ ሠራው፤ ሳሙና ሠሪዎች የሚገዙት ነጭ ነገር ነው። ነዳጁ ሆነ። ግን ሶዳው በየጊዜው ይገዛል፤ ነዳጁም በብዙ ውሃ መታጠብ ነበረበት፤ ያ የታጠበበት ውሃ የት እንደሚደፋ ሲያስብ ያመዋል።

"አያልቅም ያልከኝ ነገር ለምንድን ነው በየጊዜው የሚገዛው?" አልኩት።

"አላለቀም። ግሊሰሪን ከሚባለው፣ ከታች ከሚዘቅጠው ጥቁር ነገር ጋር ወርዶ ነው። እኔ ነኝ መልሼ ላወጣው የማልችለው።"

"እንግዲያው ለእኔ አልቋል።"

ይህ ንግግሬ እንደ እሾህ ተሰክቶበት ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ በጨርቅ ተጠልሎ እንደገና የሚሠራ ካታሊስት ፍለጋ ገባ። ያገኘውም በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ቤቶቹን እየዞረ፣ ፍርፍር የሚሠሩትን ሴቶች "ቅርፊቱን እንዳትጥሉብኝ" ይላቸዋል። ትልቅ ሰው፣ መምህር፣ በፌስታል የእንቁላል ቅርፊት ተሸክሞ በአደባባይ ሲሄድ ከተማው ምን ይበል? መተት ይሠራል ተባለ። ቅርፊቱን አጥቦና አድርቆ ማረሻ ወደሚሠራ አንድ አንጥረኛ ይወስደዋል፤ በወናፍ በሚነፋ ከሰል ውስጥ ድብን ብሎ ነጭ እስኪሆን እንዲያቃጥልለት። አንጥረኛ ራሱ በቡዳነት ይታማል፤ ሰው ልጁን ከፊቱ ይሸሽጋል። ያ ሰውዬ ግን ባለቤቴን ፈራው።

"ቲቸር፣" አለው አንድ ቀን፣ እኔም አብሬ ቆሜ፣ "ይህን ነገር ሌላ ቤት ብትወስደው? እኔን ለራሴ የሚያማኝ ሰው አላነሰኝም።"

"አይዞህ፣ ሐሜቱን እንካፈለዋለን፣" አለው ባለቤቴ።

ከእሳቱ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አጥብቆ ይከድነዋል። አየርና እርጥበት ካገኘው ይደክማል ይል ነበር። አሠራሩን ደጋግሜ ስላየሁት አውቀዋለሁ። ያገለገለው ዘይት ተጠልሎ በበርሜል ይሞቃል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሁሉ እስኪወጣ፣ መንጣጣቱ እስኪያቆም። ከዚያ እሳቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚገባው ሜታኖል የሚባል አልኮል ነው፣ ቢጠጡት ዓይን የሚያጠፋ፣ እሳት ቢያይ የሚቀጣጠል። ዱቄቱም አብሮ ይገባል። ሞቅ እንዳለ በእንጨት ይማሰላል፣ ይከደናል፣ ያድራል። ጠዋት ጥቁሩ ግሊሰሪን ከታች፣ ማር የመሰለው ነዳጅ ከላይ ተለይተው ይገኛሉ። ዱቄቱ ተጠልሎ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል፤ ሲደክም አንጥረኛው ጋ ሄዶ እንደገና ይቃጠላል፣ እንደገና ይነሳል።

"አየሽ? አላለቀም፣" አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥልሎ ሲያሳየኝ።

እኔ በማንኪያ ሰፍሬ አየሁት። ጎድሏል። "ጨርቁ ላይ የቀረ ነው" አለ። ይሁን አልኩ፤ ግን አላመንኩም።

በዚያ ነዳጅ ሞተሩ ሲነሳ የሽንኩርት ማሳው ሁሉ ዓሣ ጥብስ ይሸታል። የሰፈሩ ድመቶች ከሞተሩ አጠገብ አይጠፉም ነበር። ሞተሩ የእኛ አልነበረም። የሽርካችን ነው፤ ባለቤቴ ያስተማረው፣ ሳውዲ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው። መሬቱ ከእኛ፣ ሞተሩና ጉልበቱ ከእሱ፣ ነዳጁ ከባለቤቴ፤ ስምምነታቸው ይኸው ነበር። ባለቤቴ እንደ ታናሽ ወንድም ያየዋል። እኔ ደግሞ ደግ ንግግሩ ስለበዛብኝ እጠረጥረው ነበር። ምንም ነገር ቢበላሽ "አብሽሩ እትዬ" ይላል፤ አይዞዎት ማለቱ ነው። ሁሉንም የሚያበሽር ሰው አንድ ቀን የሚያስለቅሰው ሰው እንዳለ አስባለሁ።

ባለቤቴ የሽንኩርቱ ችግኝ ወደ መደብ እንደተዛወረ ታመመ። ጨጓራዬ ነው፣ ያልፋል እያለ ከረመ፤ አላለፈም። በታኅሣሥ ቀበርነው። ቀብሩን ልጽፍ አልችልም፤ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሽርካችን ከመስጊዱ ሰዎች ጋር መጥቶ ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲሸከም፣ ውሃ ሲያመላልስ እንደነበረ ግን ትዝ ይለኛል። ለቅሶው እንደበረደ፣ ሰዉ ገና ሳይጎድል፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ቲቸር ያቺን ቆርቆሮ የት ነው ያስቀመጣት?"

የባለቤቴ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ፣ እሱ ቆርቆሮውን!

"ምን ሊሆንህ?"

"ሽንኩርቱ ሊደርቅ ነው። ናፍጣ ውጫሌ ድረስ ፈልጌ አጣሁ።"

እውነቱን ነው፤ ሽንኩርት ለቅሶ አያውቅም፣ በየጥቂት ቀኑ ውሃ ይፈልጋል። ባለቤቴ በእጁ የተከለው የመጨረሻ ነገር ያ ማሳ ነበር። እንዲደርቅ አልፈልግም። ቆርቆሮው ደግሞ እሱ በአእምሮው የሠራው የመጨረሻ ነገር ነው፤ እሱንም ለማንም አሳልፌ መስጠት አልፈልግም። አንዱን ለማዳን ሌላውን ለሰው አምኜ መስጠት ነበረብኝ፤ የማመን ጉዳይ ደግሞ የእኔ ነገር አይደለም።

"በእኔ ግቢ፣ እኔ ባለሁበት ይሠራል፣" አልኩት። "ቆርቆሮው ከቤቴ አይወጣም።"

"እሺ እትዬ። አብሽሩ።"

በዚያ ጊዜ አማቴ አብረውኝ ነበሩ። ከውጫሌ በላይ ካለው የአምባሰል ገጠር ለልጃቸው ለቅሶ መጥተው፣ "ብቻሽን አልተውሽም" ብለው ቀሩ። ከመቁጠሪያቸውና ከአልጋቸው ሥር ካስቀመጡት የጠበል ጠርሙስ በቀር ዕቃ አልያዙም። በየዓመቱ ግሸን ይወጣሉ፤ ጠበሉን ከዚያ ነው የሚያመጡት፤ ለልጃቸውም ሥራ ይልኩለት ነበር። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወደ በርሜሉ ያያሉ። በርሜሉ ለእሳቸው ልጃቸው ነበር።

ሽርካችን በቀጠሮው መጣ። ዱካ ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ነገር አየሁ። ዘይቱን አሞቀ፣ መንጣጣቱ እስኪያቆም ጠበቀ፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ፣ ዝም ብሏል። እሳቱን አጠፋ፣ ፍሙን አውጥቶ ከግቢ ውጭ ደፋ። ከቆርቆሮው ዱቄት ሲሰፍር እጁን አየሁ። ግማሹን ወስዶ ግማሹን ተወ፤ ሜታኖሉንም ጨመረ። አማሰለ፣ አማሰለ፣ ላቡ ጠብ እስኪል። ከዚያ አዛን ሲሰማ ክዳኑን ገጥሞ ለሶላት ወደ መስጊድ ወረደ። የገበያ ቀን ነበርና እኔም ከገጠር ሊያስተዛዝኑ የመጡ ሰዎችን ልቀበል ወደ በሩ ወጣሁ። እንግዶቹን ሳስተናግድ ቆየሁ። እሱ ተመልሶ ጥቂት አማሰለና ከደነው።

ጠዋት ክዳኑን ስንከፍት ታችና ላዩ አልተለያየም። ማርም ጥቁርም አልነበረም። በርሜሉ ሙሉ ያልበሰለ አጥሚት የመሰለ፣ ነጣ ያለ፣ የሚያሟልጭ ነገር። ሳሙና።

ሽርካችን ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከበርሜሉ እግር ሥር አንድ ትንሽ ነገር አነሳና ኪሱ ከተተ። ያላየሁት መስሎታል። ቀና ብሎ ወደ በረንዳው፣ አማቴ ወዳሉበት ተመለከተና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

"የእኔ ጥፋት ነው እትዬ፣" አለ። "ዘይቱን በደንብ አላደረቅኩትም። ውሃ ገብቶበታል። ውሃ ካለ ነዳጅ መሆኑን ትቶ ሳሙና ይሆናል።"

እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬዬ ሥር የሰደደው። ዘይቱ መድረቁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ያላጠፋውን አጠፋሁ የሚለው የባሰ ነገር ሲደብቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ዱቄቱን በኖራ ለውጦ እውነተኛውን ወስዶት ይሆን? ሌላ ቦታ ሊሸጠው ይሆን? ብቻዬን ስሆን ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ባለቤቴ ተማሪዎቹን የሚያሳይበት ዘዴ ነበረው፤ ሕያው የሆነው ዱቄት ውሃ ላይ ሲነሰነስ ይንሾካሾካል፣ ብርጭቆው ይሞቃል፤ የሞተው ዝም ብሎ ይሰጥማል። ቆንጥሬ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኩ። ተንሾካሾከ። ብርጭቆው በእጄ ሞቀ። ዱቄቱ የእሱ ነበር፣ የባለቤቴ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለጥርጣሬዬ ግን መልስ አልሆነኝም። ዱቄቱ ደህና ከሆነ በርሜሉ ውስጥ ምን ጨመረበት? ኪሱ የከተተውስ ምንድን ነው?

በማግስቱ መጥቶ ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ ነዳጅ ላይ እሳት ነበር።

"እትዬ፣ የቀረውን ዱቄት ይዤ በእኔ ግቢ ብሠራው? እዚህ ሰው ይበዛል፣ ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፤ ሥራው ጸጥታ ይፈልጋል።"

"ቲቸር ይህን ያህል ዓመት እዚህ ሲሠራ ጸጥታ የት ነበር?"

"ወላሂ ለክፉ አይደለም።"

"ለክፉ የመጣ ሰው 'ለክፉ ነው' ሲል ሰምቼ አላውቅም። ኪስህ ውስጥ ምን ከተትክ ያን ቀን?"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ምንም አይደለም እትዬ፣" ብሎ ወጣ።

ቆርቆሮውን ከልብሴ ሣጥን ሥር አስገብቼ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረዘሙ። ማሳው ድረስ ወርጄ ከሩቅ አያለሁ። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ ወደ መሬት ማጎንበስ ጀምሯል። እሱና ሚስቱ ከሐይቁ በባልዲ ውሃ እየቀዱ፣ መደብ በመደብ በጣሳ ያጠጣሉ። ለአንድ መደብ የሚደክሙት ድካም ሌላውን እስኪደርሱለት ያደርቀዋል። ልቤ ሊራራ ሲል ራሴን ያዝኩት፤ እኔ እንዳይ ብሎ ቢሆንስ?

ጥርጣሬዬን የሰበረው እሱ አልነበረም፤ አማቴ ናቸው። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አደግድገው፣ ባዶ ጠርሙሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። ጠርሙሱ ክዳን የለውም።

"ወዴት ነው እማማ?"

"ግሸን ልወጣ ነው ልጄ። አስተርዮ ደርሷል። ጠበል ማምጣት አለብኝ፤ ያለ ጠበል ያንን በርሜል እንዳትጀምሩት።"

"የትኛውን በርሜል?"

"የልጄን ነዋ! የፊተኛው እኮ አልበቃውም። ጠርሙሱን ሙሉ አፍስሼበት ነበር፤ ሰዎቹ መጥተው አንቺ በር ላይ ሳለሽ። 'እመቤቴ፣ የልጄን ሥራ ባርኪለት' ብዬ አማትቤ። ክዳኑ ከእጄ ወድቆ ጠፋብኝ እንጂ። የሟች ሥራ ላይ የሰው ዓይን ይበዛል፤ አንድ ጠርሙስ ምን አላት! አሁን ሁለት ይዤ እመጣለሁ።"

ያረጁ እጆቻቸውን አየሁ። የልጅዎን ሥራ ያበላሸው ጠበልዎ ነው ብዬ እንዴት እነግራቸዋለሁ? ከግሸን ገደል ላይ በእግራቸው ተሸክመው ያወረዱት፣ ለልጃቸው የቀራቸው ብቸኛ ስጦታ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ሽርካችን ይህንን ገና በርሜሉን በከፈትን ጠዋት ገብቶት ነበር።

በቀጥታ ወደ ማሳው ወረድኩ። ባልዲውን አስቀምጦ ቆመ።

"ኪስህን አሳየኝ፣" አልኩት።

ትንሽ አመነታና ሰማያዊ የጠርሙስ ክዳን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። እስከዚያ ቀን ይዞት ይዞራል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? 'እማማ አበላሹት' ብዬ? እርስዎ እኔን ቢጠረጥሩኝ ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ።" ፈገግ አለ። "ሳውዲ የሠራሁላቸው እመቤት እርሳስ በጠፋ ቁጥር ይፈትሹኝ ነበር። እርስዎ ከሳቸው አይብሱም።"

"ከሳቸው ጋር አታነጻጽረኝ!"

"ኧረ በነቢ! እርስዎ ቁጣው ላይ ነው የሚበልጧቸው።"

ሚስቱ ጣሳዋን ይዛ ፊቷን አዞረች፤ እየሳቀች እንደሆነ ትከሻዋ ተናገረባት። እኔም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሬ ሊስቅ ሲሞክር ተሰማኝና ደነገጥኩ።

ቆርቆሮውን ያን ቀን ሰጠሁት። ሁሉንም አይደለም፤ አንድ እፍኝ ያህል ጨርቅ ላይ ገልብጬ በሌላ ጣሳ ከድኜ አስቀረሁ። አየኝና የሰጠሁትን ይዞ ሄደ። ነዳጁን በራሱ ግቢ ሠራው። እኔም ሄጄ ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጬ ተመለከትኩ፤ አላመንኩም አልልም፣ ግን ዓይኔን ማሳረፍ አልቻልኩም። ባደረ ጊዜ ተለየ፤ ከታች ጥቁር፣ ከላይ ማር። የተበላሸውን ሳሙና ደግሞ እንዳንደፋው ነገረን፤ አንጥረኛው ሲያቃጥለው ቅባቱ ነዶ ዱቄቱ ይመለሳል አለ። የሚታጠብበት ሳሙና አይሆንም እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። "በእሱ የታጠበ ሰው ድመት ይከተለዋል" አለኝ።

አማቴ ከግሸን ሁለት ጠርሙስ ይዘው የተመለሱት ያኔ ነው። አውቶቡሱ ካወረዳቸው ቦታ ጀምሮ የተሸከመላቸው ሰው እንዳልነበረ አካሄዳቸው ይናገራል። አረፍ ሳይሉ "በርሜሉስ?" አሉ። ምን እንደምላቸው ሳስብ ሽርካችን ቀደመኝ።

"እማማ፣ በርሜሉ በመጀመሪያው ጠበል ጠግቧል፣" አላቸው ሳይንተባተብ። "አሁን የሚለግመው ሞተሩ ነው። ይምጡና ሞተሩን ይባርኩልን።"

ዓይናቸው በራ። ሐይቁ ዳር ወርደን ሞተሩን ከበብነው። "እዚህ ጋ እማማ፣ ራስ ምታቱ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ጉሮሮው ላይ እንዳይሆን፣ ይሳላል" እያለ የነዳጁን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ ብረቱን አስረጫቸው። ገመዱን ሳበ። አንዴ ተቃወመ፣ ሁለተኛ ተነሳ። ዓሣ ጥብስ ሸተተ። አማቴ እልል አሉ። ከዚያ ደክሟቸው ስለነበር ሚስቱ ደግፋ ወደ ቤት ወሰደቻቸው።

ውሃው በቦዩ መውረድ ጀመረ። እኔ ግን ውሃውን አላየሁም፤ እሱን ነበር የማየው። እንዲህ ያማረ ውሸት በአንድ ጀምበር አይለመድም።

"ይህን ከየት ተማርከው?" አልኩት።

"የቱን?"

"አሮጊት አታሎ ማስደሰቱን።"

አካፋውን ተደግፎ ቆመ። "ከቲቸር።"

"ከማን?"

"እማማ ጠበል በላኩ ቁጥር ቲቸር በርሜሉን ከውጭ በጠብታ ያብስበታል፤ የቀረውን ይጠጣዋል። ለሳቸው ግን 'በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩት እናቴ፣ ነዳጁ ማር ሆነ' ነው የሚላቸው። እሳቸው ምን ያድርጉ? ልጃቸው የነገራቸውን ነው ያደረጉት።"

ይህን ሁሉ ዓመት ፊቱን እያየሁ የሰማሁት ሰው፣ ዓይኑን ሳይሰብር ለእናቱ እንዲህ ይዋሽ ነበር፤ እኔም በዚያው ቤት ውስጥ እየኖርኩ አላወቅኩም። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር እሱን ረስቼው ነበር። አንድ ጥያቄ ከሆዴ ተነስቶ አፌ ላይ ደረሰ። ልመልሰው ፈለግኩ፤ አልተመለሰም።

"ሕመሙንስ? ጨጓራዬ ነው ሲለኝ፣ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር?"

ሽርካችን መልስ ለመስጠት የሚቸገር ሰው አይደለም። አብሽሩ ሊለኝ አፉን ሲያዘጋጅ አየሁት። ሌላ ያማረ ነገርም ሊለኝ ይችል ነበር፤ ባምነውም ባላምነውም ያን ቀን አልፈርድበትም ነበር። ሞተሩ ይጮሃል። እሱ ዓይኑን አልሰበረም።

"ያውቅ ነበር እትዬ። ከሽንኩርቱ በፊት ነው ያወቀው። እንዳልነግርዎት በልጆቼ አስምሎኝ ነበር።"

"ዛሬስ ለምን ነገርከኝ?"

"ስለጠየቁኝ።"

ልጮህበት፣ ልመታው፣ አካፋውን ነጥቄ ባልዲውን ሁሉ ልሰባብር አሰኘኝ። ለሟቹ ያልደረሰ ቁጣ የሚያርፍበት አጥቶ ደረቴ ውስጥ ዞረ። ከዚያ ወደ ማሳው ተመለከትኩ። መሃል ያሉት መደቦች ጠጥተው መሬቱ ጠቁሯል። ዳር ዳሩ ያለው ግን ቅጠሉ እንደ ገለባ ደርቋል፤ የማይመለስ ብዙ ነበር፣ ገና ነፍስ ያለውም ነበር።

"የግራውን ቦይ ክፈተው፣" አልኩት። "እነዚያ አልጠጡም።"

አካፋውን አንስቶ ሄደ። እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ ጥቁር ቀሚሴን ከፍ አድርጌ፣ በታችኛው ጫፍ ውሃው የሚያመልጥበትን ክፍተት በእጄ አፈር እየሞላሁ ደፈንኩ።